ሳሎኑ የቤተሰብ መዝገብ ነው

በሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ወደ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት የሚገባ እንግዳ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ቀና ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል። በአለላ ያጌጡ የስፌት ሥራዎች በረድፍ በረድፍ ተሰቅለዋል። አጠገባቸው የእንጨት ገበታዎችና ባለአበባ የብረት ሳህኖች አሉ። ግድግዳው ውስጥ ገባ ተደርገው በተሠሩት መደርደሪያዎች ላይ መጻሕፍትና የክብር ዕቃዎች ተቀምጠዋል። ሐረሪዎች «ጌይ ጋር» በሚሉት በዚህ ቤት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ «ነደባ» የሚባሉ መደቦች አሉ፤ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። መደቦቹ የሚቀቡት ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ እንደሆነ የከተማዋ ሰዎች ይናገራሉ። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከታየ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው።

ባለቤቲቱን ስለ አንዱ ስፌት ቢጠይቋት ማን እንደሰፋው፣ ለማን ሠርግ እንደተሰጠ፣ ከማን እጅ ወደ እርሷ እንደደረሰ ትነግርዎታለች። ግድግዳው ሙሉ ነው፤ ግን አይጨናነቅም። ሁሉም ዕቃ ቦታ አለው፤ ሁሉም ታሪኩን የሚያውቅለት ሰው አለው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከግንቡና ከመስጊዶቹ ጋር ይህ የቤት ውስጥ ሥርዓትም የከተማዋ ልዩ መታወቂያ ሆኖ ተጠቅሷል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ።

ከቁም ሣጥን አናት ላይ

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ፣ በቅርቡም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ያረጁ ሰፈሮች ሲነሡ፣ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከኖረበት ግቢ ወጥቶ ፎቅ ላይ ወዳለ ቤት ገብቷል። ሲጓዝ ደግሞ ዕቃውን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አልጋው፣ ፍሪጁና ሶፋው መጀመሪያ መኪናው ላይ ይወጣሉ። ቡፌው በደረጃው ካልወጣ ይሸጣል። የአያት የእንጨት ሣጥን «ምን ያደርግልናል?» ይባልና ለዘመድ ይሰጣል። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የክርስትና ልብሱ፣ የምረቃ ጥብጣቡ፣ አንድ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ አዲሱ ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሳይወርድ ዓመታት ያልፋሉ።

ጀሞ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት ገብቼ እንዲህ ያለውን ፌስታል ሲፈታ አይቻለሁ። አያት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ምንጣፉ ላይ። ልጅቷ አንድ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሣች። ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ በስተጀርባው የተሳለ መጋረጃና አበባ፣ እጁ ወንበር መደገፊያ ላይ።

«ይሄ ማነው፣ እማማ?»

እማማ መነጽራቸውን አስመጡ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«እሱማ የአባትሽ የክርስትና አባት ነው። ይሄን የተነሣው ሊሄድ ሲል ነው። ሱፉ የወንድሙ ነው፤ እጅጌው አልረዘመበትም?»

ልጅቷ ፎቶውን መልሳ አየችው። ይህን ሰው ከዚያ በፊት የምታውቀው እንደ ማንኛውም ያረጀ ፎቶ ነበር። የተዋሰው ሱፍ እጅጌ ግን ሰው አደረገው። እማማ ያን ቀን ባይኖሩ ኖሮ ፎቶው ቤቱ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ሰውየው ግን ይጠፋ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። የቤተሰብ ማስታወሻ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ስም፣ ቦታና ዕረፍት። ስሙ ታሪኩ ነው። ቦታው የሚታይበት ነው። ዕረፍቱ ከብርሃን፣ ከእርጥበትና ከብል የሚጠበቅበት ነው። ብዙዎቻችን ከቦታው እንጀምራለን፤ ፍሬም ገዝተን ሚስማር እንመታለን። መጀመር ያለብን ግን ከስሙ ነው፤ ፍሬም ነገም ይገዛል፣ ታሪኩን የሚያውቁት አዛውንት ግን ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

መጀመሪያ ስም

የድሮ ፎቶ ጀርባ ራሱ ይናገራል። ብዙዎቹ ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ለማን እንደተሰጠ ተጽፏል፤ ቀንና ከተማ የተጻፈባቸውም አሉ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለ ፎቶው የት ከተማ፣ በግምትም መቼ እንደተነሣ ይጠቁማል። በአዲስ አበባ የፎቶ ሥራ ከቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረ ረጅም ታሪክ አለው፤ አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤቱ ወደ ተራው ሰው ወረደ። ሰው ሲመረቅ፣ ሲያገባ፣ ሲሰደድ፣ ልጅ ሲወልድ ልብሱን አሳምሮ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። ስለዚህ በየቤታችን ያሉት እነዚያ ፎቶዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ትልቅ ቀን ምስክር ናቸው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ ያረጁ ፎቶዎች መጽሐፍ ሆነው ሲታተሙም የከተማዋ ታሪክ በየሰዉ ሳሎን ተበትኖ እንደሚገኝ ታይቷል።

ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፤ አዛውንቱ መሐል ይቀመጣሉ፤ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ስልክ ድምፅ እየቀዳ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ማነው? የት ነው? መቼ ነው? አጠገቡ ያለውስ ማነው? ዓመቱ ካልታወቀ «አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት»፣ «ታላቁ ልጅ ሲወለድ»፣ «ድርቁ ጊዜ» የሚለው መልስም ይበቃል፤ እንዲያ የተነገረውን ጊዜ ኋላ ከሌላው ጋር አገናዝቦ ማወቅ ይቻላል።

የሰሙትን በፎቶው ጀርባ፣ ጠርዙ ላይ፣ ለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፉት። እስክሪብቶ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል፤ ሲጫኑትም ምስሉ ላይ ጭረት ያወጣል። ጀርባው በፕላስቲክ የተሸፈነና እርሳስ የማይዝ ከሆነ በወረቀት ላይ ጽፈው ከፎቶው ጋር ፖስታ ውስጥ ያኑሩት። ለዕቃዎችም እንዲሁ ነው፦ ለጀበናው፣ ለመስቀሉ፣ ለኒሻኑ፣ ለሙዳዩ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት። ሦስት መስመር ይበቃል፤ የማን ነበር፣ እንዴት መጣ፣ ለምን ተቀመጠ።

ከዚያ ምርጫ

ሁሉን ማስቀመጥ ማክበር ይመስላል። ነገር ግን ሃያ የተሰበረ ሲኒ የያዘ ካርቶን አንዱንም ሲኒ አያስከብርም። እናትዎ የወደዷት አንዲት ሲኒ ቡፌው ውስጥ ብትቀመጥ፣ አጠገቧም ታሪኳ ቢጻፍ፣ ስለ እናትዎ የቡና ወግ ከካርቶኑ ሁሉ የበለጠ ትናገራለች።

ሲመርጡ ዕቃውን እያነሡ «ይህን ለልጄ ስሰጠው ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሚነግሩት ነገር ካለ ይቀመጥ። የሚያውቅለት ሌላ ዘመድ ካለ እስኪጠየቅ ይቆይ። ማንም የማያውቅለት፣ መልኩም ጥቅሙም የማይነገር ከሆነ ያለ ጸጸት ሊሰናበት ይችላል። ከለቅሶ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ምንም አይጣል። ሐዘን ትኩስ ሳለ የሚወሰን ውሳኔ ወይ ሁሉን ያስወግዳል ወይ ሁሉን ያስቀምጣል። አርባው ይውጣ፣ ሰማንያው ይለፍ፤ ቢቻል ሙት ዓመቱ ይድረስ።

በወንድማማችና በእህትማማች መካከል ጠብ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ዕቃ ነው። ቤትና መሬት በሕግ ይከፈላል፤ የአባት ከዘራና የእናት የአንገት መስቀል ግን አይከፈልም። የሚበጀው ወላጅ በሕይወት ሳሉ «ይህ ለእገሌ» ብለው ቢናገሩና ቢጻፍ ነው። ፎቶ ከሆነ ደግሞ ጠብ አያስፈልግም፤ በጥሩ ስካነር ተነሥቶ ለሁሉም ይታተማል፤ ዋናው በጥንቃቄ በሚይዘው ልጅ ቤት ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ቤት ውስጥ የብራና መጽሐፍ ወይም ሌላ ጥንታዊ ቅርስ ካለ ጉዳዩ ከቤተሰብ ያልፋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ለማስታወሻ» ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከመክተቱ በፊት ይህን ይወቅ።

ቦታ

ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንደነበረ ይታያል። የሙዚየሙ የባህል ዕቃዎች አቀማመጥ ግን ለቤታችን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ዕቃዎቹ በክፍለ ሀገር ወይም በብሔር ተከፋፍለው አልተቀመጡም፤ የሰውን ዕድሜ ተከትለው ነው የተደረደሩት፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ጎብኚው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ የሰው ልጅ ሲያድግ ያያል።

ሳሎናችን ውስጥም ይህን ማድረግ ይቻላል። ብዙ ቤት ውስጥ የምረቃ ፎቶ አንድ ግድግዳ፣ የሠርጉ ሌላ ግድግዳ፣ የሟቹ ደግሞ ለብቻው ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ይቀመጣል። በአንድ ግድግዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የአንድን ቤተሰብ ዕድሜ ቢደረድሩ፣ የአያቶች ጥቁርና ነጭ፣ የወላጆች ሠርግ፣ የልጆች ክርስትና ወይም የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ ልጅ ግድግዳውን እያየ ከየት እንደመጣ ያነባል። ፍሬሞቹ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ ቀለማቸው ቢቀራረብ ግን ዓይን ያርፋል።

ከፍታውም ቁም ነገር ነው። በድሮ ቤቶቻችን ፎቶ ከጣሪያው ሥር፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይሰቀል ነበር፤ ለክብር። ዛሬ ጣሪያው ዝቅተኛ በሆነ ቤት ውስጥ የፎቶው መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን የቆመ ሰው ያለ ድካም ያየዋል፤ ሙዚየሞችም በዚህ አካባቢ ይሰቅላሉ። ከሶፋ በላይ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ይበል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬትና ኮንክሪት ስለሆነ ተራ ሚስማር ይጎብጣል ወይም ልስኑን ያረግፋል፤ በድሪል ተበስቶ በፊሸር የታሠረ ብሎን ከባዱንም ፍሬም ይይዛል።

ፎቶ የማይሰቀልባቸው ቦታዎች አሉ፦ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ግድግዳ፣ ከምድጃ አጠገብ፣ ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚጋራ ግድግዳ፣ በክረምት እርጥበት የሚያስገባ የውጭ ግድግዳ። ብርሃን ያደረሰውን ጉዳት መመለስ አይቻልም፤ ቀን በቀን ይጠራቀማል። የቀለም ፎቶ ከጥቁርና ነጩ ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የታጠቡ ብዙ የቀለም ፎቶዎች ዛሬ ወደ ቀይ ያደሉት ለዚህ ነው፤ ማቅለሚያዎቹ በእኩል ፍጥነት አይጠፉም። ስለዚህ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ቅጂው ግድግዳ ላይ ይዋል፣ ዋናው ጨለማ ውስጥ ይረፍ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋርም መነካካት የለበትም፤ እርጥበት ሲገባ ይጣበቅና ሲላቀቅ ምስሉ ይነሣል። በመሐላቸው ወፍራም የወረቀት ክፈፍ ማስገባት ያድናል።

ዕረፍት

የአብዛኛው ቤተሰብ አልበም ገጹ የሚጣበቅ፣ ከላዩ ስስ ፕላስቲክ የሚጋረድበት ነው። ይህ ዓይነቱ አልበም ከዓመታት በኋላ ማጣበቂያው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ፎቶውንም ይጎዳል። ፎቶዎቹ በቀላሉ የሚላቀቁ ከሆነ ወደ ወረቀት ፖስታ ወይም ኪስ ወዳለው አልበም ይዛወሩ። የማይላቀቁ ከሆነ አይታገሏቸው፤ ከነገጹ ፎቶ ያንሷቸውና ባሉበት ይተዉአቸው። የተቀደደ ፎቶ በስኮች አይለጠፍ። ጋዜጣና ተራ ካርቶን ውስጣቸው ባለው አሲድ ምክንያት ከጊዜ በኋላ የተጠቀለለባቸውን ነገር ያበላሻሉ።

ልብስ ከፎቶ የበለጠ እንክብካቤ ይፈልጋል። የእናት የሠርግ ቀሚስ፣ የአያት ጋቢ፣ የልጅ የክርስትና ነጠላ ሳይታጠብ አይቀመጥ፤ ላብና የወጥ ነጠብጣብ ያን ቀን ባይታይም በዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ ነፍሳትንም ይጠራል። ከታጠበ በኋላ ስታርች አይደረግበት፤ እርሱም ለነፍሳት ምግብ ነው። በደንብ ደርቆ፣ በታጠበ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ያፍናል። በዓመት አንድ ጊዜ ይውጣና በሌላ መስመር ይታጠፍ፤ ዘወትር በአንድ ቦታ የታጠፈ ጥበብ እዚያው ላይ ይቆረጣል። በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባና ከሱፍ የተሠራ በርኖስ ቤት ውስጥ አይታጠቡም። ብል የሚወደው ሱፍ ነው፤ ናፍታሊን ከተጨመረ በጨርቅ ቋጥረው ልብሱን እንዳይነካ ያድርጉት።

መስቀልና ጌጥ ብር ከሆነ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፤ የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። ብራና ሙቀትና ውኃ ያኮማትሩታል፤ ከግድግዳ ርቆ፣ ነፋሻ ቦታ፣ ጋደም ብሎ ይቀመጥ።

ካሴት ደግሞ አለ። ልጆቻቸው ወደ ሱዳን፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አረብ አገር የወጡባቸው ወላጆች ደብዳቤ መጻፍ ሲሳናቸው ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር፤ ልጆቹም እንዲሁ። በአንዳንድ ቤት ከዘፈን ካሴቶች መካከል የሞተች እናት ድምፅ ዛሬም አለ። የካሴት ክር በአሥርት ዓመታት ውስጥ ራሱ ይበላሻል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ዲጂታል መዛወር ያለበት ይህ ነው። የተዛወረው ድምፅና በስካነር የተነሣው ፎቶ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ አገር ወይም ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ ይሁን። ፎቶ በስካነር ሲነሣ ጥራቱ 600 ዲፒአይ ቢሆን ኋላ በትልቁ ለማሳተም ይመቻል።

ከቤት ያለፈ ዋጋ

ፎቶ በእኛ ዘንድ ከጌጥ በላይ ነው። ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ከድንኳኑ ፊት ይቆማል፤ ዘመድ ፎቶውን ታቅፎ ደረቱን ይመታል። ይህን የሚያህል ዋጋ ያለው ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል ለማወቅ መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መግባት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ሙዚየም ግድግዳዎቹ በወጣት ፊቶች ተሞልተዋል። ከእነዚያ ፎቶዎች ብዙዎቹ የመታወቂያ፣ የትምህርት ቤትና የፎቶ ቤት ፎቶዎች ናቸው። ቤተሰብ በዚያ ክፉ ዘመን፣ መፈለግና መፈተሽ በነበረበት ጊዜ፣ ሸሽጎ ያቆያቸው ፎቶዎች ዛሬ የአንድ ትውልድ የተረፉ ፊቶች ናቸው።

ሐረርም ሌላ ምሳሌ ትሰጠናለች። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረሪዎችን አልባሳት፣ ሳንቲሞች፣ የእጅ ጽሑፎችና የድምፅ ቅጂዎች መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ሰበሰቡ። ኋላ ስብስቡ «የራስ ተፈሪ ቤት» ወደሚባለው ታሪካዊ ሕንፃ ገብቶ በስማቸው የሚጠራ ለሕዝብ ክፍት ሙዚየም ሆነ። አገር የሚኮራበት ስብስብ የተጀመረው አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሌላው የናቀውን ዕቃ አክብሮ ሲያስቀምጥ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ከመጪው በዓል በፊት፣ ዘመድ በሚሰበሰብበት አንድ ቀን፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ፌስታል ያውርዱት። አንድ እርሳስና ጥቂት ንጹሕ ፖስታ ያዘጋጁ። ከአዛውንቶቹ አጠገብ ቁጭ ብለው ስሞቹን ይጻፉ። ግድግዳውም ፍሬሙም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ ግን ዛሬውኑ ይደውሉላቸው፤ የመጀመሪያውን ፎቶ «ይሄ ማነው?» ብለው ይጠይቋቸው።